እትዬ ሠላሳ ሰባት

ሰው በፊት ይተዋወቃል፤ እነሱ ግን የተዋወቁት በእግር ነው።

የዛሬ አርባ ዓመት፣ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ የጫማዋ ታኮ መንገድ ላይ ተሰበረና እያነከሰች አንድ ጫማ ሰሪ ቤት ገባች። ጫማ ሰሪው ቀጭን፣ ፀጉሩ የተንጨበረረ የሃያ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ነበር። የተሰበረውን ጫማ ተቀበላትና፣ ቀና ብሎ ፊቷን ማየት ሲገባው፣ ባዶ እግሯን እያየ ፈዞ ቀረ።

«ምን አፈጠጠህ?» አለችው፤ በኀፍረት ጣቶቿን አጥፋ።

«ቁጥርሽን እያሰብኩ ነው።»

«ታኮውን ብቻ ነው ያልኩህ እኮ!»

«ሠላሳ ሰባት» አለ እንዳልሰማ ሆኖ። «ፀጉር አይጨምር፣ ፀጉር አይቀንስ። እንዲህ ያለ ልክ አጋጥሞኝ አያውቅም።»

«አሁን ይሄ ሙገሳ ነው?»

«ለጫማ ሰሪ ከዚህ በላይ ሙገሳ የለም።»

ሳቀች። ጉዱን ያመጣው መሳቋ ነው። ታኮው የአንድ ሰዓት ሥራ ሆኖ ሳለ፣ «ማስቲሹ አልደረቀም»፣ «ቆዳው አልተስማማም» እያለ ሦስት ቀን አመላለሳት። በሦስተኛው ቀን ፎርማዋን ጠርቦ ጠበቃት፤ ፎርማ ማለት ጫማ ሰሪ ቆዳውን የሚወጥርበት የእንጨት እግር ነው። ከሥሩ በወስፌ ትንሽ ኮከብ ጭሮበታል።

«ይሄ የማንም አይደለም» አላት። «ያንቺ ብቻ ነው።»

በዓመቱ ተጋቡ።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው የሠራው ጫማ እግሯ ገብቶ አያውቅም። የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማዋን እንኳ የሚሠራላት እሱ ነው። ሠርቶ ሲጨርስም ሶሉን ገልብጦ በብረት ቁጥርና በመዶሻ 37 ብሎ ይመታበታል። እሷም ይህን ቁጥር እንደ ማዕረግ ይዛው ኖረች። እኩዮቿ ተሰብስበው ስለ ወገብ ሕመም፣ ስለ ጥርስና ስለ ሽበት ሲያወሩ፣ እሷ እግሯን ወደ መሃል ትዘረጋለች።

«ሁሉም ከዳኝ፤ ይሄ ብቻ አልከዳኝም! ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ሠላሳ ሰባት!»

ሰፈሩም ስም አወጣላት፤ እትዬ ሠላሳ ሰባት።

እንግዲህ ይቺ ሴት ቀናተኛ ናት። ቀናተኛ ስል ዝም ብዬ አይደለም። በወጣትነቷ የሴት ደንበኛ ስትመጣ ሜትሩን ከባሏ እጅ ነጥቃ የደንበኛዋን እግር ራሷ ትለካ ነበር፤ እሱ የሚደርሰው ቁጥሩን መጻፍ ብቻ ነው። እርጅና ብቻህን ና ይባል የለ? ወደ እሷ ሲመጣ ግን ጓዙን ሁሉ ጠቅልሎ ነው የመጣው። ጉልበቷን ያዛት፣ ትከሻዋን አመማት፣ ለሠላሳ ዓመት ቶማያ፣ ማለትም የጫማ ላይኛውን ቆዳ፣ ስትሰፋበት የኖረችውን መኪና ከሦስት ዓመት በፊት አስተዋት። ቅናቷን ግን ጫፉን አልነካባትም። በስድሳ ሦስት ዓመቷ እንደ ሃያ ሦስት ዓመቷ ትቀናለች።

የዘንድሮው ቅናት የጀመራት በሻይ ነው። ሻይ ይዛለት ወደ ሥራ ክፍሉ በገባች ቁጥር መስኮቱ ሥር ቆሞ ታገኘዋለች። ከመንገዱ ማዶ መነጽር ቤት አለ። ባለቤቷ ባሏ የሞተባት፣ አምሳ ያልሞላት፣ ሳቋ መንገድ ተሻግሮ የሚሰማ ሴት ናት።

«ሻዩ ቀዘቀዘ እኮ!»

«እ? አዎ... አስቀምጪው።»

ከዚያ አንድ ደንበኛ ጫማውን ሊወስድ መጥቶ ሁለቱም የግራ ሆነው ተገኙ። ደንበኛው ሳቀ፣ ባሏም ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም።

«ልብህ የት ሄዶ ነው?»

«ሰው አይሳሳትም እንዴ?»

«ሰው ይሳሳታል። አንተ አትሳሳትም።»

ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ፣ እሷ ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል፣ ሹልክ ብሎ መውጣት አመጣ። የት ነበርክ ስትለው «ወዲህ ወዲያ» ይላል። አንድ ሐሙስ እንቅልፍ እምቢ አላትና በመስኮት ብታይ፣ ባሏ ከመነጽር ቤቱ ደረጃ ሲወርድ ሴትየዋ ክንዱን ደግፋ ይዛዋለች። በጠራራ ፀሐይ!

በማግስቱ የሥራ ክፍሉን ልጥረግ ብላ ገባችና መሳቢያዎቹን ሁሉ በረበረች። የታችኛው መሳቢያ ውስጥ ያልጨረሰውን ጫማ አገኘችው፤ የሴት ጫማ፣ ቀይ፣ እንደ ጨቅላ ጉንጭ የለሰለሰ ቆዳ። አጠገቡ ቆዳ በቆዳ ላይ የተለጠፈበት ወፍራም ፎርማ አለ። ከፎርማው ሥር በእርሳስ ዙሪያውን የተሰመረ እግር ያለበት ወረቀት ተቀምጧል።

ወረቀቱን አንስታ ወደ ብርሃን ያዘችው። እግሩ ከፊቱ ሰፊ ነው። አውራ ጣቱ ወደ ጎን ተንጋዷል፤ ከሥሩ የሽንኩርት ራስ የሚያህል ጉብታ ወጥቶበታል።

«እግር ነው አካፋ?» አለች ብቻዋን። «ይቺ ባለ ጉብታ ናት እንግዲህ ያማለለችው!»

መጀመሪያ አሳቃት። ከዚያ ቶማያውን ገልብጣ ስፌቱን ስታይ ሳቋ ጠፋ። መስመሩ ተንጋዷል፣ እየወጣ እየገባ ይሄዳል። የሱን እጅ ታውቃለች፤ እንኳን በመርፌ፣ በወስፌ እንኳ ቢሰፋ ቀጥ ያለ ነው። ታዲያ ይሄ ሰውዬ ሲሰፋ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር ማለት ነው። ምን ያንቀጠቅጠዋል? ፍቅር ነዋ! ለእኔ መቼ እንዲህ ያለ ቆዳ መርጦልኝ ያውቃል ብላ እዚያው በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ምሳ ላይ ነገሩን ወረወረችው።

«የሴት ሥራ ይዘሃል እንዴ ሰሞኑን?»

ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ።

«የለም... ምን ሥራ አለ ብለሽ ነው?»

ዋሸ! አርባ ዓመት አብራው ስትኖር ዓይኗን እያየ ሲዋሽ ያየችው ገና ዛሬ ነው፤ እሷ እንደመሰላት።

«እኔ ሐሙስ እህቴ ጋ እሄዳለሁ» አለች።

«ለስንት ቀን?»

«እንጃ። እንደ እግሬ። ምናልባት አልመለስም።»

ቀና ብሎ አያት።

«ሐሙስ... ሐሙስ ባይሆን አይሻልም?»

ሐሙስ! ቀጠሮው እንዳይበላሽበት መሆኑ ነው! ደሟ ፈላ። ሳህኑን እንኳ ሳታነሳ ወደ መኝታ ክፍል ገባች።

ሐሙስ ጠዋት ልብሷን በአንድ ዘንቢል ከተተች። እሱ ፊቱን ሲታጠብ ወደ ሥራ ክፍሉ ገብታ ወረቀቱን ከመሳቢያው አወጣች። ዘንቢሉን በአንድ እጇ፣ ወረቀቱን በሌላ እጇ ይዛ መንገዱን ተሻገረች።

ባለመነጽሯ ገና በሯን መክፈቷ ነው።

«እንዴ እትዬ! ዛሬ ምን እግር ጣለዎት?»

«እግር ነው የጣለኝ፤ ልክ ነሽ! ጫማሽን አውልቂ!»

«ምን አሉኝ?»

«አውልቂ አልኩሽ! ባሌ የሚሰፋልሽን ጫማ ልክ አብረን እንየው!»

ወረቀቱን ወለሉ ላይ ዘረጋችው። ሴትየዋ ግራ ገብቷት አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ ዘንቢሉን አየች። ከዚያ ምንም ሳትል ጫማዋን አውልቃ ወረቀቱ ላይ ቆመች። እግሯ ትንሽ ነው፤ መስመሩ ውስጥ የእናቷን ጫማ ያደረገች ሕፃን መሰለች። በግራም በቀኝም ሁለት ጣት ተረፈ።

«እሱ ለእኔ አይሆንም እትዬ» አለች በቀስታ። «ጋሼ እኔ ጋ የሚመጡት ለዓይናቸው ነው። መርፌ ማየት ካቃታቸው ቆይቷል። በመስኮት ብርሃን ካልሆነ ክሩና ቆዳው አይለይላቸውም።»

«መስኮት...» አለች ሚስት።

«ዛሬ መነጽራቸው ይደርሳል። 'ሚስቴ እንዳትሰማ' ብለው አስምለውኛል፤ እርስዎ አስጨነቁኝና ይኸው መሐላዬን በላሁ። ክንዳቸውን የምይዛቸውም ደረጃው ስለማይታያቸው ነው።»

የሌላ ሴት ቢሆን እዚህ ላይ ቅናቱ በበረደ። የእሷ ግን ተረከዝ አለው፤ ቆሞ ቀረ።

«እሺ፣ ያንቺ ካልሆነ ይሄ ጉብታ የማን ነው?»

ባለመነጽሯ ጎንበስ ብላ ወረቀቱን አየች። ከዚያ የሚስትን ጫማ አየች። ዓይኗን እዚያው አቆየችና፣

«እርስዎ ለምን አይሞክሩትም?» አለች።

«እኔ? የእኔ ሠላሳ ሰባት ነው!»

«አውቃለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እንዲያው ለነገሩ ያህል።»

ሚስት ተናዳ ጫማዋን አሽቀንጥራ ጣለችና ልታሳያት ወረቀቱ ላይ ወጣች።

መስመሩ ጠፋ። እግሯ ሸፈነው። ጉብታው ከጉብታ ገጠመ፤ የተንጋደደው አውራ ጣት በተንጋደደው ላይ አረፈ። ሴትየዋ ወንበር አቀረበችላት፤ አልተቀመጠችም። እግሯን አይታ የማታውቅ ይመስል አፈጠጠችበት። ለነገሩ ካየችው ስንት ዓመቷ ነው? ጉልበቷ አላጎነብስ ካላት ወዲህ እግሯን የሚያጥባት፣ ጥፍሯን የሚቆርጥላት እሱ ነው። እሷ ቀና ብላ ታወራለች፤ እሱ ጎንበስ ብሎ ይሰማል።

የወለቀውን ጫማ እንድታቀብላት ጠየቀቻትና ሶሉን ገለበጠች። 37 ይላል።

«አንቺ...» አለች ድምጿ ሰልሎ፤ «ቁጥርሽ ስንት ነው?»

ባለመነጽሯ ወደ ራሷ እግር አየች።

«ሠላሳ ሰባት» አለች።

ያን ሁሉ ሳምንት «እግር ነው አካፋ» እያለች የሰደበችው፣ ሌት ተቀን የቀናችበት እግር የራሷ ነው። አርባ ዓመት ስትኮራበት የኖረችው ቁጥር ደግሞ በሌላ ሴት እግር ላይ ቆሞ ያያታል። ማልቀስና መሳቅ አንድ ላይ መጡባት። ሁለቱንም ዋጠቻቸውና ዘንቢሏን አንስታ ወጣች።

ቤት ስትገባ ባሏ የሥራ ክፍሉ ወለል ላይ በጉልበቱ ተንበርክኳል። መሳቢያዎቹ ሁሉ ወጥተዋል፤ ቆዳው፣ ሶሉ፣ ምስማሩ ዙሪያውን ተበትኗል። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«አንድ ወረቀት... አንድ ወረቀት ነበረችኝ። አይተሻታል?»

«ይቺ ናት?»

ተቀብሏት ደረቱ ላይ አስጠጋት። እንዲህ ሲደነግጥ አይታው አታውቅም።

«ዋሸኸኝ» አለችው ግን። «ይኸው አርባ ዓመት ሙሉ!»

ወረቀቷን አየ፤ እግሯን አየ፤ ገባው። ተነሥቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«አርባ አይደለም» አለ። «ሠላሳ አራት ነው።»

ወፍራሙን ፎርማ አንስቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። በቢላዋ ጫፍ የላይኛውን ቆዳ ቀስ ብሎ ነቅሎ መዳፏ ላይ አኖረላት።

«ይቺ የዘንድሮ ናት። ጉብታው ጨመረ።» ቀጣዩን ነቀለ። «ይቺ ደግሞ ትከሻሽን አሞሽ ስፌት የተውሽ ጊዜ። ይቺ የትንሿ ልጃችን ሠርግ፤ ሌሊቱን ሙሉ ጨፍረሽ እግርሽ አልመለስ ያለ ጊዜ።» አራተኛውን ነቀለ። በጣቱ አሻሸው፤ አገላበጠው። «ይቺ... ይቺ...»

ጠበቀችው።

«ጠፋችኝ» አለ። «በራሴ እጅ ለጥፌያት ጠፋችኝ።»

«ስጠኝ» አለች። ተቀብላው ዳሰሰችው፤ ለተረከዝ የተቆረጠ ቀጭን ቆዳ ነው። «ይቺማ እናቴን ያስታመምኩበት ዓመት ናት። ዓመቱን ሙሉ በእግሬ ቆሜ። 'ተረከዜን' እያልኩ ማታ ማታ ስታሽልኝ አልነበር?»

«አዎ! አዎ... ናት!» ፊቱ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ። «አየሽ? ድሮ እግርሽን ሳጥብ ልኩን እጄ ይዞት ይነሣ ነበር። አሁን ከመታጠቢያው ጠረጴዛዬ ጋ እስክደርስ ይጠፋኛል። ለዚህ ነው ምሳ በልተሽ ስትተኚ በእርሳስ የከበብኩት። ሐኪም ጠየቅኩ። መርሳቱ እየባሰ ይሄዳል አለኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ 'እግሬ አላረጀም' እያልሽ፣ እኔ እጄ አረጀ፣ ራሴ አረጀ ብዬ እንዴት ልንገርሽ? ቢያንስ ዛሬ መነጽሬን ተቀብዬ ይሄን አንድ ጫማ ልጨርስልሽ ብዬ ነው። እግርሽ ከእጄ ሳይጠፋ... አንዴ ብቻ።»

መዳፏ ላይ ያሉትን ቁራጮች ጨብጣ ያዘች።

«የቀሩትን ንቀል» አለችው።

አምስተኛውን ነቀለ፤ የሁለተኛዋ ልጅ እርግዝና ነው። የመጨረሻው ስስ ነበር።

«ይቺን ብረሳ አይደንቀኝም እላለሁ፤ ግን አልረሳትም» አለ። «የመጀመሪያ ልጃችንን ወልደሽ እግርሽ አብጦ ጫማው እምቢ አለሽ። 'አረጀሁ' ብለሽ ተንሰቅስቀሽ አለቀስሽ። ሃያ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር እኮ! ለቅሶሽ አላስቀምጥ አለኝ። ይቺን ለጥፌ አዲስ ሠራሁልሽና ሠላሳ ሰባት ብዬ መታሁበት። አድርገሽ ዘለልሽ። ከዚያ በኋላ እውነቱን መናገሪያ ቀን አጣሁ።»

ባዶ እንጨቱን ገለበጠው። ትንሿ ኮከብ እዚያው አለች።

«እኔ እኮ...» አለች እንባዋን እየጠረገች፤ «ስፌትህ የተንቀጠቀጠው ከፍቅር ነው ብዬ በቅናት ነድጄ ልሞት!»

«በማን ቀናሽ?»

«በእኔ ነዋ! በዚህ ጉብታ!»

ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ሳቁን አቁሞ፣

«ከፍቅርም ነው» አለ።

ዘንቢሉን እግሯ ሥር አስቀመጠችና ሽፋን የለበሰውን የስፌት መኪና ገለጠችው። እሱ ቁራጮቹን አንድ በአንድ፣ ቦታ ቦታቸው ላይ መልሶ ለጠፈ፤ ሲጠፋው እሷ ትነግረዋለች። የግራውን ጫማ እሱ የሰፋው ነው። የቀኙን እሷ ሰፋችው፤ ትከሻዋ እያመማት፣ በየመስመሩ እያረፈች።

«የግራውንስ አትፈቺውም? ተንጋዷል እኮ» አላት።

«ንክች አላደርገውም!»

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሶሉ ተመታ። ብረት ቁጥሮቹን ከሳጥናቸው አወጣና እጁ አየር ላይ ቆመ።

«ስንት ልምታ?»

የአሮጌ ጫማዋን ሶል ገልብጣ 37ቱን በጣቷ ዳሰሰች። ቀላል አልነበረም፤ አርባ ዓመት የኖረችበትን ማዕረግ የምታወልቅበት ሰዓት ነው።

«እውነቱን» አለች።

ሦስቱን አስቀመጠ፤ ዘጠኙን በዳበሳ ፈለገ። እጇን በእጁ ላይ ጭና መዶሻውን አብራው አነሣች። ሁለት ጊዜ መቱ።

አሥር ሰዓት ላይ ክንዱን ይዛ መንገዱን ተሻገሩ፤ እሷ በቀይ ጫማዋ። ከመነጽር ቤቱ ደረጃ ሲደርሱ ባለመነጽሯ ልትደግፈው ብቅ አለች።

«ተይው፤ እኔ አለሁ» አለቻት ሚስት ፈጠን ብላ። ቅናት እንዲህ በአንድ ቀን አይለቅም።

«እትዬ ሠላሳ ሰባት! እንዴት ያለ ጫማ ነው ያደረጉት!»

«ሠላሳ ዘጠኝ ነኝ» አለች ጮክ ብላ፤ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ። «ከዛሬ ጀምሮ እንደዚያ በሉኝ።»

ባለመነጽሯ አዲሱን መነጽር አምጥታ ለጋሼ አጠለቀችለት። ግድግዳው ላይ ያለውን የፊደል ሰሌዳ እንዲያይ ጠቆመችው። እሱ ግን ሰሌዳውን ትቶ ወደ ሚስቱ ዞረና ፈዞ ቀረ።

«ምን አፈጠጠህ?» አለችው።

«ፊትሽን እያየሁ ነው። ያኔ በእግርሽ ፈዝዤ ሳላየው አልፌው ነበር።»

«አርጅቷል፣ አይደል?»

መነጽሩን አስተካከለና በደንብ አያት፤ ግንባሯን፣ የዓይኗን ዳር፣ አፏ ዙሪያ ያለውን ሽብሽብ ሁሉ።

«አርጅቷል» አላት።

ስለ ዕድሜዋ እውነቱን ሲነግራት ይህ የመጀመሪያው ነበር። አልተቀየመችውም፤ ክንዱን አጥብቃ ያዘችና ደረጃውን አብረው ወረዱ።